ከሩቅ የታየ ገነት፦ ከግሸን አምባ እስከ ምዕራብ ካናዳ

በዶርማችን የታሪክ ትምህርት ወሬ ከፈተና ማግሥት አያልፍም። የካልጋሪና የኤድመንተን ወሬ ግን እኩለ ሌሊትም ያነጋግራል። ማን ቅጽ ሞላ፣ ማን ዘመድ አለው፣ ለማን ነጥቡ በቃው፣ ይኸው ነው። እኛም የታሪክ ተማሪዎች ነንና ወሬውን ወደ ትምህርታችን ሳብ ልናደርገው አሰብን። ሰው ወደ ሩቅ አገር ሲያስብ ስለዚያ አገር የሚነግረው ማነው? ስንትስ ያስቀርበታል? ነገሩን ከአምባሰል፣ ከግሸን ብንጀምር ይሻላል።

ግሸንን አብዛኞቻችን የምናውቃት በመስከረም 21 ንግሥ ነው። መስቀል የሚመስል አምባ፣ ዙሪያው ገደል፤ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ደብር። ይሁንና አምባዋ ሌላም ታሪክ አላት። የንጉሥ ልጆችና ወንድሞች በዙፋን እንዳይሻሙ ተወስደው የሚጠበቁባት ግዞት ነበረች። ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው ወጣትነታቸውን በዚያ አሳልፈው፣ ከዚያ ወርደው ነው የነገሡት። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬስ ስለ ጥበቃው ጥብቅነት ጽፏል። በ1540 የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን ሲይዝ የመሳፍንቱ ግዞት አበቃ።

ወሬው አውሮፓ ሲደርስ ግን ሌላ መልክ ያዘ። እንግሊዛዊው ሚልተን በ1667 ባሳተመው ስለ ገነት መጥፋት በሚተርከው ግጥሙ፣ አንዳንዶች እውነተኛው ገነት ነው የሚሉት ብሎ የአማራን ተራራ ጠቀሰ። በ1759 ደግሞ ሳሙኤል ጆንሰን ራሴላስ የሚባል የሐበሻ ልዑል ታሪክ ጻፈ። ልዑሉ ምንም በማይጎድልበት ሸለቆ ተቀምጦ መውጫ ይፈልጋል። ጆንሰን እንኳ ነገሩ ገብቶታል! አምባውን ያላየ ገነት ይለዋል፤ የተዘጋበት መውረጃውን ይፈልጋል።

አሁን ወደ ቅርቡ እንምጣ። በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ወሎን ሲያራግፍ የደርግ መንግሥት ሕዝቡን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። እስከ 1978 ዓ.ም. አጋማሽ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 ሰው በአውቶቡስ፣ በካሚዮንና በአንቶኖቭ አውሮፕላን ወደ ፓዌ፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ተጓዘ። ከግማሽ በላዩ ወሎዬ ነበር። የተነገረው ድንግል መሬትና የማያቋርጥ ዝናብ ነው። መሬቱስ ነበር፣ ዝናቡም ዘነበ። ወባው ግን አልተነገረም፤ ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት እንደሚለያይም የነገረ የለም። «ባዶ» የተባለው የመተከል መሬት ደግሞ ጉሙዝ የሚያርስበት፣ የሚያድንበት፣ ማር የሚቆርጥበት አገር ነበር። ያ ሂሳብ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ምዕራብ ካናዳም የተቀናው እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 የወጣው የመሬት ሕግ በ10 ዶላር መመዝገቢያ ብቻ 160 ኤከር ይሰጥ ነበር። በእኛ ሂሳብ ከጋሻ ተኩል ይበልጣል! በ1885 የባቡሩ ሐዲድ ከዳር እስከ ዳር ተገናኘ። የአውሮፓ ገበሬ በተሳለ ስንዴ ተጋበዘ፤ ስለ ብርዱ ብዙም አልተወራለትም። መሬቱ ግን የክሪው፣ የብላክፉቱና የሌሎች ነባር ሕዝቦች ነበር። ካልጋሪ ያለችበት አገር በ1877 በተፈረመው ሰባተኛው ውል ተሸፈነ። ነባሮቹ በትንንሽ ክልል ተወሰኑ፤ ልጆቻቸውም ከወላጅ ተነጥለው አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። የጋበዘውም ሁሉንም አልጋበዘም። በ1910 ገደማ ከኦክላሆማ የመጡ ጥቁር ገበሬዎች በአልበርታ አምበር ቫሊ ሲሰፍሩ፣ መንግሥት በ1911 ጥቁሮች ለአየሩ አይስማሙም ብሎ ለአንድ ዓመት የሚያግድ ትእዛዝ አጸደቀ። ሥራ ላይ ሳይውል ተሻረ እንጂ ሐሳቡ ምን እንደነበር ግልጽ ነው።

በር የተከፈተው ኋላ ነው። በ1967 ዘር ቀርቶ ነጥብ መለኪያ ሆነ። ከ1978 ጀምሮም ቤተ ክርስቲያናትና ማኅበራት ስደተኛን በዋስትና ማስመጣት ቻሉ። ከቀይ ሽብርና ከረሃቡ ሸሽተው ሱዳን የነበሩ ወገኖቻችን በ1980ዎቹ በዚህ መንገድ ገብተዋል። ዛሬ በካልጋሪም በኤድመንተንም የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እንጀራም አይጠፋም። ግን በኤድመንተን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታየው ከ8 ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው። ሰው በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ይደርሳል። እዚህ ሐኪም ወይም መሐንዲስ የነበረ ፈቃዱን እንደገና እስኪያወጣ ታክሲ ይነዳል፤ ብሩክስ በምትባል ከተማ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ቢላዋ የያዙ አፍሪካውያንም ብዙ ናቸው። ልጆች ይማራሉ፣ ሕክምና አለ፣ ለአገር ቤትም ገንዘብ ይላካል። ይህም እውነት ነው፤ አንክድም።

እንግዲህ ሂዱም አትሂዱም አንልም፤ ምን ቤት ነን! መስፍኑ በዘበኛ ወጣ፣ ወሎዬው በረሃብና በካድሬ ተጫነ፣ እኛ ግን ቅጹን በገዛ እጃችን ነው የምንሞላው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ኃላፊነቱም የዚያኑ ያህል። ቅጹን የሚሞላ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ገነት ነው ያለኝ ሰው ምን ያገኛል? የምሰፍርበትስ መሬት የማን ነበር? የሄዳችሁትም አደራ፣ ፎቶ ስትልኩልን ከአዲሱ መኪና ፊት ቆማችሁ ብቻ አይሁን። ጨለማውንም፣ የሌሊት ፈረቃውንም ጻፉልን። ግሸንን ገነት ያደረጋት፣ ከላይ ያሉት ሰዎች ቃል ወደ ታች አለመውረዱ ነውና።