ኦፍስቴድ ሊመጣ ነው፦ አዲስ ቻይልድማይንደሮች ምን ያዘጋጁ?

እንግሊዝ አገር ቤታቸው ውስጥ ልጅ ለመያዝ ፈቃድ አውጥተው የመጀመሪያውን ፍተሻ ለሚጠብቁ እህቶቻችን ይህን አዘጋጅተናል።

ኦፍስቴድ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ቀን ቀድሞ ይደውላል። ኢንስፔክተሩ ሲመጣ መታወቂያውን ሳታዩ አታስገቡ፤ ልጆቹን መጠበቅ ከበር ይጀምራል።

👉 ወረቀት፦ በየ3 ዓመቱ የሚታደሰው የሕፃናት የመጀመሪያ እርዳታ ሰርተፍኬት፣ ኢንሹራንስ፣ ልጆቹ የገቡበትና የወጡበት ሰዓት፣ የአደጋና የመድኃኒት መዝገብ። 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ የቤቱ ነዋሪ ሁሉ ዲቢኤስ ሊኖረው ይገባል።

👉 የልጆች ቁጥር፦ በመደበኛው ከ8 ዓመት በታች ቢበዛ 6፤ ከነሱ ውስጥ ከ5 ዓመት በታች 3፣ ከ1 ዓመት በታች 1 ብቻ። የራሳችሁም ልጆች ይቆጠራሉ።

👉 ቤት፦ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ሞክሩ። መድኃኒት፣ በረኪና፣ ትኩስ ጀበና ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን።

👉 ዋናው ግን እናንተ ናችሁ። ኢንስፔክተሩ ከልጆቹ ጋር ስትጫወቱ ያያል፤ ከዚያ «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ይላል። «ልጁ ላይ ያልተለመደ ቁስል ብታዪ ለማን ትደውያለሽ?» ብሎም ይጠይቃል። የአካባቢያችሁን የሕፃናት ጥበቃ ክፍል ስልክ ያዙ። እኛ ዘንድ ስለራስ ማውራት ነውር ነው፤ እዚያ ግን ዝምታ አለማወቅ ይመስላል። የምትሠሩትን በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።

አማርኛችሁንም አትደብቁ። መመሪያው ራሱ እንግሊዝኛ ከማይነገርበት ቤት የመጡ ልጆች፣ ከእንግሊዝኛው ጎን ለጎን፣ የቤታቸውን ቋንቋ በጨዋታ እንዲጠቀሙ ዕድል ስጡ ይላል።

ለሚጠቅማት እህት አጋሩላት።