የምስክር ቃልና የፍርሃት ጥላ



«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ግፍ የደረሰበት ሰው በልቡ የያዘውን ያህል ማንም መዝገብ አይዝም ለማለት ነው። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት ሲደረስ ጥያቄው ሌላ ይሆናል። ዳኛው የሚጠይቀው «ተወግተሃል ወይ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ «የወጋህ ይህ ከፊትህ የቆመው ሰው መሆኑን በምን አወቅህ?» ብሎ ነው። ለዚህ መልስ ለመስጠት ምስክሩ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው ሳይፈራ የሚናገርበት ቦታ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃሉን ሳይንቅም ሳይቸኩልም የሚመረምር ዳኛ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ችሎቶችን እናነሳለን። አንደኛው በአሜሪካ አገር በአትላንታ ከተማ ሦስት ኢትዮጵያውያት የመሰከሩበት ሲሆን፣ ሁለተኛው እዚሁ በኢየሩሳሌም ከትሬብሊንካ የሞት ካምፕ የተረፉ ሰዎች የመሰከሩበት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በኦሪትና በአገር ባህል

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 በአንድ ምስክር ቃል ብቻ በሰው ላይ እንዳይፈረድ ያዛል። ዳኞችም ነገሩን አጥብቀው እንዲመረምሩ፣ በሐሰት የመሰከረ ቢገኝ በወንድሙ ላይ ሊያመጣ ያሰበው ቅጣት በራሱ ላይ እንዲፈጸም ይደነግጋል። ሕጉ ምስክርን ያከብራል፤ ነገር ግን ያለ ምርመራ አይቀበለውም።

በአገራችን ገጠርም ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር፣ የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ እየማለ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይደረግ ነበር። ይህም አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይባላል። የአጥፊውን ዘመድ ፈርቶ በአደባባይ ለመናገር ያልደፈረ ሰው «ወፍ» በሚባለው መንገድ በምስጢር የሚያስታውቅበት ዘዴም ነበር። አባቶቻችን ፍርሃት የምስክር ጠላት መሆኑን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ጉድለቱ ግን ተከሳሹ ያችን «ወፍ» መልሶ ሊጠይቃት አለመቻሉ ነው። ከዚህም ሌላ ሥርዓቱ ከብት ሌባን እንጂ ሹምን አይደርስበትም ነበር። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» መባሉም ለዚህ ነው።

ምስክርነት መሣሪያ በሆነ ጊዜ

ደርግ በ1974 ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ በተለይም በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር ወቅት፣ ምስክርነት ራሱ የመንግሥት መሣሪያ ሆነ። ቀበሌውና ከፍተኛው የራሳቸው እስር ቤት፣ የራሳቸው ታጣቂና የራሳቸው መርማሪ ነበራቸው። በስብሰባ ላይ ሰው ራሱን እንዲያጋልጥ፣ ከዚያም ጎረቤቱንና ወንድሙን እንዲያጋልጥ ይገደድ ነበር። ዝም ያለ ሰው በራሱ ላይ እንደመሰከረ ይቆጠርበታል። በእስር ቤት ደግሞ ወፌ ላላ ነበር። እጅና እግሩ ታስሮ፣ በጉልበቱ ሥር እንጨት ገብቶ፣ ተዘቅዝቆ ውስጥ እግሩን የሚገረፍ ሰው አፍ የሚወጣው ቃል ግርፋቱን የሚያስቆም ቃል እንጂ ምስክርነት አይደለም።

ይህ መከራ ለእኛም ወገኖች እንግዳ አልነበረም። በጎንደር ክፍለ ሀገር ዕብራይስጥ በማስተማራቸው ወይም ወደ እስራኤል የሚደረገውን ጉዞ በማስተባበራቸው ተይዘው የተገረፉ ወገኖቻችን ነበሩ፤ ዛሬ አሲሬ ጽዮን፣ የጽዮን እስረኞች፣ እንላቸዋለን። ከእነርሱ ይፈለግ የነበረው ቃል የሌሎች ሰዎች ስም ነበር። ስም ባለመስጠታቸው የብዙ ቤተሰብ ሕይወት ተረፈ። በዚያ ቦታ ዝምታ ጀግንነት ነበር።

ችግሩ ያ ዝምታ ከእኛ ጋር ድንበር መሻገሩ ነው። ነፍስ ያተረፈ ልማድ በቀላሉ አይለቅም። መርማሪና ዳኛ አንድ በነበሩበት አገር ያደገ ሰው፣ ዳኛው ገለልተኛ በሆነበት አገርም ጥያቄ ሲቀርብለት የድሮውን ክፍል ያስባል። ስለዚህ ምስክር ዝም ሲል ወዲያው «የሚደብቀው ነገር አለ» ማለት ተገቢ አይደለም።

የአትላንታው ክስ

በ1989 እጅጋየሁ ታዬ የተባሉ ስደተኛ ኢትዮጵያዊት በአትላንታ በአንድ ሆቴል በአስተናጋጅነት ይሠሩ ነበር። በዚያው ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ የሚሠራ አንድ ሰው አዩና ደነገጡ። ሰውዬው በቀይ ሽብር ጊዜ የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀመንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ ነበር። እርሳቸውም በእርሱ ሥልጣን ሥር ታስረው ከተሠቃዩት አንዷ ነበሩ።

እጅጋየሁ በራሳቸው ዓይን ብቻ አልተማመኑም። በተመሳሳይ ሁኔታ ለተጎዱ ሌሎች ሴቶች አስታወቁ። ሂሩት አበበ ከካናዳ ወደ አትላንታ መጥተው ሰውዬውን በዓይናቸው አይተው አረጋገጡ። ሦስተኛዋ ኤልሳቤጥ ደምሴ ነበሩ፤ ታናሽ እኅታቸው ተወስዳ ሳትመለስ ቀርታለች። ሦስቱ በ1990 ክስ መሠረቱ። በዚያን ጊዜ ደርግ ገና ከሥልጣን አልወረደም ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ክስ በስሙ ሲፈርም ምን ሊያስብ እንደሚችል ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ጉዳዩ በ1993 በአንድ ዳኛ ፊት ተሰማ። ተከሳሹ ድርጊቱን ካደ። ሴቶቹም እርሱ በተቀመጠበት አዳራሽ የደረሰባቸውን ሁሉ ተናገሩ። ፍርድ ቤቱ ቃላቸውን አምኖ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ካሣ እንዲከፈል ወሰነ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1996 ውሳኔውን አጸና። ሰውዬው ግን በመካከሉ፣ በ1995፣ የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ ነበር። ዜግነቱ የተሰረዘው በ2004 ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ2006 ነው። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በ2002 በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ፈርዶበት ስለነበር እዚያው እስር ቤት ገባ። ሆቴል ውስጥ ከታየበት ቀን እስከዚያ 17 ዓመት መቆጠሩን ልብ ይሏል።

የእነዚህ ሴቶች ቃል ጥንካሬ ከየት መጣ ብለን ስንመረምር፣ ዋናው ነገር በእንባቸው ብዛት ላይ አይደለም። ያሰራቸውን ሹም በስሙም በሥልጣኑም ያውቁት ነበር፤ ማንነቱን ለመለየት በፎቶግራፍ ላይ አልተደገፉም። ሦስት ሰዎች በመሆናቸው ደግሞ የአንዷ ቃል ከሌሎቹ ጋር ሊመዛዘን ይችል ነበር። ኦሪት ከአንድ በላይ ምስክር የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

በኢየሩሳሌም የታየው ጉዳይ

አሁን ወደ ኢየሩሳሌም እንመለስ። በትሬብሊንካ ካምፕ በ1942 እና በ1943 ከ800,000 በላይ አይሁድ ተገድለዋል። የጋዙን ሞተር ያንቀሳቅስ ከነበሩት ዘበኞች አንዱን እስረኞቹ «አስፈሪው ኢቫን» ይሉት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ በመኪና ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ጆን ዴምያንዩክ የተባለ የዩክሬን ተወላጅ፣ ያ ኢቫን እርሱ ነው ተብሎ በ1986 ለእስራኤል ተላልፎ ተሰጠ። ችሎቱ በየካቲት 1987 ተከፈተ። ከካምፑ የተረፉ ሰዎች ቀርበው፣ ከ40 ዓመት በኋላ፣ «እርሱ ነው» ብለው መሰከሩ። በሚያዝያ 1988 ሞት ተፈረደበት።

በእነዚያ ምስክሮች ላይ ማንም የሐሰት ጥርጣሬ ሊያነሳ አይችልም። ያዩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ቤተሰባቸው በዚያ ካምፕ አልቋል። ይሁን እንጂ በይግባኙ ጊዜ ከሶቪየት ኅብረት መዝገብ ቤቶች አዲስ ማስረጃ ወጣ። የትሬብሊንካ ዘበኞች የነበሩ ሰዎች በሰጡት ቃል፣ የሞተሩ ሰው ኢቫን ማርቼንኮ የሚባል ሌላ ሰው መሆኑ ተጽፎ ተገኘ። የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በፕሬዚዳንቱ በመኢር ሻምጋር ሰብሳቢነት፣ ሐምሌ 29 ቀን 1993 ጥርጣሬ አለ በማለት ዴምያንዩክን ከክሱ ነፃ አደረገው።

ስሕተቱ የገባው እንዴት ነው? ምርመራው በ1976 ሲጀመር ለተረፉት ሰዎች ፎቶግራፎች ቀርበውላቸው ነበር። የፎቶግራፎቹ አቀራረብ ዓይንን ወደ አንዱ ፊት የሚመራ ነበር ተብሎ በኋላ በባለሙያዎች ተተችቷል። ምስክሮቹ በካምፑ ያውቁት የነበረው «ኢቫን» የሚለውን ስም ብቻ ነበር። በመካከሉ ሠላሳና አርባ ዓመት አልፏል። የተጎዳ ሰው ግፉን አይረሳም፤ ፊትን ግን ሊያሳስት ይችላል። እውነተኛ ሰው በቅን ልቡ ሊሳሳት መቻሉን ማወቅ ምስክሩን ማዋረድ አይደለም።

በዚያው ጉዳይ ማስፈራራትም አልጠፋም። በ1988 መጨረሻ የተከሳሹ ጠበቃ ዮራም ሼፍቴል በአንድ ባልደረባው ቀብር ላይ ሳለ አሲድ ተደፍቶበት ዓይኑ ተጎዳ። ሰው እንዲህ ያለውን ተከሳሽ መጥላቱ ይገባናል። ነገር ግን ጠበቃው ፈርቶ ሥራውን ቢተው ኖሮ፣ ባልሠራው ወንጀል ሞት የተፈረደበት ሰው ሊሰቀል፣ ምስክሮቹም ሳያውቁት በዚያ ደም ሊነኩ ይችሉ ነበር። ስለዚህ ማስፈራራት የሚጎዳው አንዱን ወገን ብቻ አይደለም።

የነገሩ ፍጻሜም ትምህርት አለው። በ2011 በሙኒክ የሚገኝ የጀርመን ፍርድ ቤት ዴምያንዩክን በሌላ ካምፕ፣ በሶቢቦር፣ ዘበኛ ሆኖ ለ28,060 ሰዎች መገደል ተባባሪ ነበር ሲል 5 ዓመት እስራት ፈረደበት። በዚያ ችሎት ፊቱን ለይቶ «አየሁት» የሚል ምስክር አልነበረም፤ ፍርዱ የቆመው በመታወቂያ ወረቀቱና በሌሎች ሰነዶች ላይ ነው። ሰውዬው ይግባኙ ሳይታይ በ2012 ሞተ።

ቃልና ወረቀት ሲገናኙ

ከዚህ ወዲህ የታዩት የቀይ ሽብር ጉዳዮችም ይህንኑ ያሳዩናል። በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ ከፈለኝ ዓለሙ የተባለው የከፍተኛ 15 እስር ቤት ዘበኛ በሌላ ሰው ስም ይኖር ነበር። አንድ የቀድሞ እስረኛ አውቆት ነገሩ ተነሳ፤ ሌሎችም እስረኞች ቀርበው መሰከሩ። በሐሰት ዜግነት በማግኘቱ በ2014 የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በሆላንድ በሄግ ከተማ ደግሞ በጎጃም የደርግ ሹም የነበረው እሸቱ ዓለሙ በታህሣሥ 2017 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በ2022ም በይግባኝ ጸና። በዚያ ችሎት የተጎጂዎች ቃል በስሙ ከወጡ የጊዜው ሰነዶች ጋር ጎን ለጎን ቀረበ።

ደርግ ሰው የሚጽፍ የሚፈርም መንግሥት ስለነበረ ወረቀቱ ቀርቷል። ወረቀቱ ግን ብቻውን አይናገርም። ትእዛዙ በተጻፈበት ቀን በክፍሉ ውስጥ ማን ነበር፣ ማን ተጠርቶ ወጣ፣ ማን ሳይመለስ ቀረ የሚለውን የሚያውቀው ከዚያ የወጣ ሰው ነው።

ለአንባብያን

በስደት አገር ማስፈራራት ሁልጊዜ በጠመንጃ አይመጣም። ሁሉም በሚተዋወቅበት ማኅበረሰብ ሰርግም ቀብርም አንድ ላይ ነው። «ያለፈውን ምን አስነሳው?»፣ «የሰው ቤት አታፍርስ»፣ «ወንድሙ ያገር ልጅ አይደለም ወይ?» የሚል ቃል፣ በቅን ልብ ቢነገርም፣ የምስክሩን አፍ ይዘጋል። በተቃራኒው ደግሞ «እንዲህ ብለህ መስክር» ብሎ የሚገፋ ወዳጅም አለ። ሁለቱም እውነቱን ያበላሻሉ።

እንግዲህ በየቤታችን ያሉ አባቶችና እናቶች ያዩትን ሳይረፍድ እንዲናገሩ እናሳስባለን። የሚቀዳ ወይም የሚጽፍ ልጅ ታግሦ ያዳምጥ እንጂ መልሱን በአፋቸው አያስገባ። በዓይን የታየው ለብቻ፣ ከሰው የተሰማው ለብቻ ይጻፍ። ቦታው፣ ዘመኑ፣ ወቅቱ ክረምት ይሁን በጋ፣ አብሮ የነበረ ሰው ይገለጽ። ያልታወሰ ነገር ካለ «አላስታውስም» ተብሎ ይጻፍ፤ ይህ ቃል የምስክርን ክብር አይቀንስም፤ የቀረውን እንዲያምኑለት ያደርጋል እንጂ። ባልና ሚስት ወይም ሁለት ጓደኛሞች አንድ ነገር አይተው እንደሆነ ሳይመካከሩ በየራሳቸው ይናገሩ። የተጻፈውም ቀን ተጽፎበት፣ አማርኛው ከዕብራይስጡ ጋር ሆኖ በጥንቃቄ ይቀመጥ።