ሁሉን አቀፍ የመምረጥ መብት፦ ትርጉሙና በአገራችን የመጣበት መንገድ

ሁሉን አቀፍ የመምረጥ መብት ማለት ዕድሜው የደረሰ ዜጋ ሁሉ ጾታው፣ ሃይማኖቱ፣ ብሔሩ፣ ሀብቱና የትምህርት ደረጃው ሳይጠየቅ ድምፅ ይሰጣል፣ የባለሀብቱም የቀን ሠራተኛውም ድምፅ እኩል አንድ ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው። በተለምዶ አንድ መብት አድርገን እንጠራዋለን እንጂ በውስጡ ቢያንስ ሦስት ነገሮች አሉ፤ መምረጥ፣ መመረጥ፣ እንዲሁም ማንን እንደመረጡ ሳይታወቅ በሰላም ወደ ቤት መመለስ። በአገራችን ሦስቱ አንድ ላይ አልመጡም። የእኛ የሙስሊሞች ታሪክም በአብዛኛው ያለፈው በመካከላቸው ባለው ክፍተት ነው።

ነገሩን ከአንድ ቦታ ሆነን እንየው። ቁንዝላ በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚጓዘው መርከብ ከሚያርፍባቸው ወደቦች አንዷ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ሲወጣ አገሪቱ ፓርላማ አገኘች። ነገር ግን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንት ነበሩ። የቁንዝላ ገበሬ፣ ዓሣ አስጋሪም ሆነ ነጋዴ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ የሚጠይቀው አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ ይህ አሠራር ጊዜያዊ መሆኑን፣ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ ብቻ እንደሚቆይ ይገልጻል።

«እስኪችል ድረስ» የሚለው ምክንያት በእኛ አገር ብቻ የተፈጠረ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ንብረት የሌለው ሠራተኛ፣ ቀጥሎም ሴቶች የተከለከሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሴቶች ከወንዶች እኩል የመረጡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ኒውዚላንድ በ1893 ቀድማቸዋለች። ስዊዘርላንድ ሴቶቿን በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲመርጡ የፈቀደችው በ1971 መሆኑ ዛሬም ብዙ ሰው ያስገርማል። ቱርክ በ1934 ፈቅዳ ነበርና! በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁሮች በወረቀት ላይ የነበራቸው መብት በማንበብና መጻፍ ፈተናና በምርጫ ግብር ታፍኖ እስከ 1965 ዘልቋል።

ወደ ቁንዝላ እንመለስ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 መጀመሪያ ሲካሄድ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ በመግባት የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ፓርቲ አልነበረም። የሕግ መወሰኛውን አባላት የሚሾሙት አሁንም ንጉሡ ነበሩ። ያም ሆኖ የመምረጥ መብት በሕግ ደረጃ «ሁሉን አቀፍ» የሆነው ያኔ ነው።

መመረጥስ? እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዕጩ ለመሆን 25 ዓመት መሙላትና በምርጫ ወረዳው መኖር ብቻ አልበቃም፤ እዚያው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የምርጫ ሕጉ መጠኑን ለመሬትና ለቤት 1,000 ብር፣ ለተንቀሳቃሽ ሀብት 2,000 ብር አድርጎታል። ይህ ለማንም ድሃ በር ይዘጋል። በሰሜኑ የርስት አገር ለሚኖር ሙስሊም ግን ሌላ ቁልፍ ተጨምሮበታል፤ አብዛኛው ሙስሊም ርስት አልነበረውምና። ኑሮው በሽመና፣ በንግድና በሰው መሬት በማረስ ነበር። ጥቂት የሞላላቸው ነጋዴዎች በሸቀጣቸው ግምት መሥፈርቱን ሊያሟሉ ይችሉ ይሆናል፤ ሸማኔውና ጭሰኛው ግን መራጭ እንጂ ተመራጭ የሚሆንበት መንገድ አልነበረውም። ሕጉ ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሃይማኖትን መሠረት ያደረገው የመሬት ሥሪት ሥራውን ጨረሰለት። አድልዎ ሁልጊዜ በአዋጅ እንደማይጻፍ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የምናገኝ አይመስለንም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የወጣው ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ ካነሳቸው ጥያቄዎች መካከል በዓሎቻችን በመንግሥት ይከበሩ፣ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚሉት ይገኙበታል። ሁለተኛው የስም ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ነው፤ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን ግድግዳ አፈረሰ፤ ምርጫውን ግን ደርግ ይዞት ቆየ። በ1979 የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲደረግ የመምረጫ ዕድሜ 18 ሆነ፤ አገሪቱ ግን የነበራት አንድ ፓርቲ ብቻ ነበር።

አሁን የምንተዳደርበት የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በቀለም፣ በዘር፣ በብሔር፣ በጾታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት ሳይደረግበት የመምረጥና የመመረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከጽሑፉ አንጻር የሚጎድለው ብዙ አይደለም። ነገር ግን በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ የፓርላማውን መቀመጫ በሙሉ መውሰዳቸው አይዘነጋም፤ ሁሉም መምረጥ መቻሉ የሚመረጥ አማራጭ ለመኖሩ ዋስትና አልሆነም።

በዲናችን በኩል ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ምርጫ ከሹራ ጋር አንድ ነው? አንድ ነው ብለን አንደመድምም። በይዓም የምርጫ ካርድ አይደለም። ሆኖም ሱረቱ ሹራ (42፡38) ምክክርን ከሙእሚኖች መለያ ባሕርያት ጋር ያነሳዋል፤ ሱረቱል ሙምተሒናም (60፡12) የሴቶችን በይዓ ለብቻው ይጠቅሳል። በሁለተኛው የዓቀባ በይዓ ከ70 በላይ ወንዶች ጋር ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ኡሙ ዑማራ ኑሰይባ ቢንት ከዕብ (ረ.ዐ.) ናቸው። ከዑመር (ረ.ዐ.) በኋላ ኸሊፋ ሲመረጥ ዐብዱረሕማን ቢን ዐውፍ (ረ.ዐ.) በመዲና እየዞሩ ሴቶችን ጭምር ማማከራቸውን ኢብኑ ከሢር ዘግበዋል። የፓኪስታኑ ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ ደግሞ ድምፅ መስጠትን ከሸሃዳ፣ ማለትም ከምስክርነት፣ ጋር አያይዘውታል። ምስክርነትን መደበቅ በሱረቱል በቀራ (2፡283) የተከለከለ በመሆኑ ይህ አመለካከት ክብደት አለው። በገንዘብ የተሸጠ ድምፅም በዚህ ሚዛን የሐሰት ምስክርነት ይሆናል።

ጀመዓችን የምርጫን ጉዳይ በተግባር የቀመሰው ግን በመጅሊስ ነው። መስከረም 27 ቀን 2005 ዓ.ም. የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌዎች ሲካሄድ የሙስሊሙ ጥያቄ በመስጂዶቻችን ይሁን የሚል ነበር። ቦታው ለምን ያን ያህል አከራከረ? በመስጂድ ሰው በሚያውቁት ጎረቤቶቹ ፊት ይመርጣል፤ በቀበሌ ግን ማዳበሪያና መታወቂያ የሚሰጠው ሰው መዝገቡን ይዞ ተቀምጧል። የእንቅስቃሴው ስም «ድምፃችን ይሰማ» መሆኑም ያለ ነገር አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 መጅሊሱ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ፤ በነሐሴ 2017 የተካሄደው ምርጫም በመስጂዶች ሆነ።

በመንግሥት ምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት መራጭ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ መሆን አለበት። ከሐይቁ ዳርቻ ተነስቶ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚሄድ ወጣት፣ ሸቀጥ ይዞ ከገበያ ገበያ የሚዞር ነጋዴ በዚህ ቁጥር መካከል ሊወድቅ ይችላል። ሄዶ በሚሠራበት ቦታ 6 ወር አልሞላውም፤ በአገሩ ደግሞ ምዝገባው ሲካሄድ የለም። ማንም አልከለከለውም፤ ግን አይመርጥም። ስለዚህ ከቤት የሚርቅ ሰው የምርጫ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ምዝገባው የሚጀመርበትንና የሚዘጋበትን ቀን አስቀድሞ ይጠይቅ። በምርጫው ቀን ካርድ ሳይዙ መሰለፍ ዋጋ የለውም።