ንጉሥ የሻረ ብዕር፣ ዐመፅን የኮነነ ግጥም



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። የንጉሥን በሞት መቀጣት በጽሑፍ የደገፈ ሰው፣ በእግዚአብሔር ላይ የተነሣውን ዐመፅ የሚኮንን ግጥም እንዴት ሊደርስ ቻለ? ሰውየው እንግሊዛዊው ጆን ሚልተን፣ ግጥሙም «የጠፋችው ገነት» ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።

ቀዳማዊ ቻርልስ በጃንዋሪ 1649 አንገቱን ተቀላ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሚልተን ሕዝብ ጨቋኝ ንጉሥን የመሻርና የመቅጣት መብት እንዳለው የሚሞግት መጽሐፍ አወጣ፤ ወዲያውም የአዲሱ መንግሥት የውጭ ቋንቋዎች ጸሐፊ ሆነ። በ1652 ዓይኖቹ ፈጽመው ጠፉ። በ1660 ዘውዱ ሲመለስ መጻሕፍቱ በሰቃይ እጅ ተቃጠሉ፤ እርሱም ለጊዜው ታሰረ። ግጥሙ የታተመው በ1667 ነው፤ ውሉን ሲፈርም በእጁ የገባው 5 ፓውንድ ብቻ ነበር።

ዊልያም ብሌክ ሚልተን ሳያውቀው የዲያብሎስ ወገን ነበር ብሎ ፈርዷል። እኔም በተማሪነቴ በዚህ ፍርድ አምኜ ነበር፤ የሰይጣን ንግግር በእርግጥ ያሸፍታልና። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የሁለተኛው መጽሐፍ መግቢያ ነው። በዚያ ስለ ነጻነት ሲሰብክ የነበረው ዐመፀኛ በዕንቁ ባሸበረቀ ዙፋን ላይ ተቀምጦ እናገኘዋለን። ሚልተን የሚያውቀውን ንጉሥ የሣለው በሰማይ ሳይሆን በሲኦል ነው። በመጨረሻው መጽሐፍም አዳም ስለ ናምሩድ ሰምቶ ይቈጣል፤ ሰው በሰው ላይ ጌታ እንዲሆን አምላክ አልፈቀደምና። ስለዚህ ለሚልተን የምድር ንጉሥና የሰማይ ንጉሥ በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይደሉም።

የነጻ ፈቃድ ነገር ከዚህ ይነሣል። ሚልተን በ1644 የመጻሕፍትን ቅድመ ምርመራ ሲቃወም፣ አምላክ ለአዳም አእምሮ ሲሰጠው የመምረጥ ነጻነትንም አብሮ ሰጠው ብሎ ተከራክሮ ነበር። ያው ክርክር በግጥሙ ሦስተኛ መጽሐፍ በራሱ በአምላክ አንደበት ይመለሳል፤ ሳይገደዱ ያልታዘዙት መታዘዝ ዋጋ የለውም። ሳንሱርን ለመቃወም የተወለደ ሐሳብ የዓለምን ውድቀት ማስረጃ ሆነ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ በአራተኛው መጽሐፍ ኤደንን ከአገራችን ከአማራ ተራራ ጋር ያነጻጽራታል፤ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትና አንዳንዶች እውነተኛዋ ገነት ናት ያሏት ስፍራ መሆኗን ጠቅሶ፣ ኤደን ትበልጣለች ይላል። የአምባ ግሼንን ታሪክ ለምናውቅ ግን ልዩነቱ በውበት ብቻ አይደለም። የዚያ አምባ ልጆች እስረኞች ነበሩ፤ የኤደን ነዋሪዎች ግን መሳሳት እንኳ አልተከለከሉም። ሚልተን ይህን አስቦ ጻፈ አልልም።

በእኔ ግምት ግጥሙ የተሸናፊ ሰው የታሪክ ምርመራ ነው። በ1660 ንጉሡ ሊመለስ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሚልተን የነጻ መንግሥትን መንገድ የሚያሳየውን ጽሑፉን ለሁለተኛ ጊዜ አሳተመ። ሕዝቡ አልሰማውም፤ በገዛ ፈቃዱ፣ በደስታ ዘውዱን መልሶ ተቀበለ። በአምስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ አብዲኤል የተባለው መልአክ፣ ከሰይጣን ሠራዊት ሁሉ ብቻውን አልስማማም ብሎ፣ በሚሳለቁበት ሰልፎች መካከል ወደ ኋላ ሳይመለከት ሲወጣ ሳነብ፣ እኔ የማየው ያንን ዓይነ ስውር ሰው ነው።