በአንድ ገላ ብዙ ነፍስ

በአንድ ገላ ብዙ ነፍስ ማኖር ለብረት የተሰጠ አይመስልም ነበር። ሆኖም በ1967 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ፣ የአይቢኤም መሐንዲሶች ሲፒ-40 በተባለው ሥርዓት አንዱን ኮምፒውተር እስከ 14 ከፋፈሉት፤ እያንዳንዱም ተጠቃሚ ሙሉው የእርሱ ብቻ መሰለው።

ያ ግዙፍ ነገር ቤት የሚገባ አልነበረም። በ1999 ቪኤምዌር ጥበቡን ወደ ተራው የጠረጴዛ ኮምፒውተር አወረደው፤ በ2008 ደግሞ ኢኤስኤክስአይን በነፃ ለቀቀ። ከመሥሪያ ቤት የተወገደ ሰርቨርም በየጓዳው ያጓራ ጀመር (የቤተሰቡን እንቅልፍ ማን ይቁጠረው!)። ባለቤቱ አንዱን ምናባዊ ኮምፒውተር ሆን ብሎ ይገድለዋል፤ አስቀድሞ ባኖረው ቅጂ ደግሞ ያስነሣዋል። በሥራ ቦታው ቢሞክረው እንጀራውን የሚያሳጣውን ስሕተት እዚህ አሥር ጊዜ ይሳሳታል።

በ2024፣ ብሮድኮም ቪኤምዌርን በገዛ በወራት ውስጥ፣ ነፃው ዕትም ተነሣ። ብዙዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ፕሮክስሞክስ ተሰደዱ። ነፃው በ2025 ቢመለስም፣ እኔ ከስደተኞቹ ጋር ነኝ፤ የፕሮክስሞክስ ምንጭ ኮድ ለሁሉ የተከፈተ ነውና፣ አንዴ የተለቀቀውን ማንም ባለንብረት መልሶ አይሰበስበውም።