ከመሬት ሆኖ ሊፈታ ያልቻለው የአውሮራ ክርክር

በሰሜን ኖርዌይ ወይም ስዊድን የምትኖሩ አንባቢዎች፣ በክረምት ሌሊት ቀና ስትሉ አረንጓዴ መጋረጃ ሰማዩ ላይ ሲወዛወዝ አይታችሁ ይሆናል። አውሮራ ይባላል። ብዙ ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ቅስት ሆኖ ይታያል። ርዝመቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይቆጠራል፤ ውፍረቱ ግን አንዳንዴ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ብርሃን የሚያበራው ኃይል ከየት ይመጣል? ጥያቄው ሳይንቲስቶችን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አከራክሯል።

እ.ኤ.አ. በ1899 ኖርዌያዊው የፊዚክስ ሊቅ ክሪስቲያን ቢርከላንድ በሰሜን ኖርዌይ፣ ሃልዴ በተባለ ተራራ አናት ላይ የምልከታ ጣቢያ አቋቋመ። በዚያ ጉዞ ከቡድኑ ወጣቶች አንዱ በበረዶ ናዳ ሕይወቱ አልፏል። ቢርከላንድ ግን ሥራውን አላቆመም፤ በ1902 እና 1903 ከኖርዌይ ሌላ አይስላንድ፣ ስፒትስበርገንና ኖቫያ ዘምልያ ላይም ጣቢያ ከፈተ። አውሮራው ሲደምቅ የመለኪያዎቹ ማግኔት ይናወጥ ነበር። ማግኔትን የሚያናውጥ ደግሞ የኤሌክትሪክ ጅረት ነው፤ በተለምዶ ኮረንቲ የምንለው። ቢርከላንድ ይህ ጅረት ከጠፈር በምድር መግነጢሳዊ መስመሮች ላይ ይወርዳል፣ በአውሮራው በኩል ያልፋል፣ መልሶም ወደ ጠፈር ይወጣል አለ።

እንግሊዛዊው ሲድኒ ቻፕማን በዚህ አልተስማማም። ጅረቱ ከላይኛው ከባቢ አየር ሳይወጣ እዚያው ዞሮ እንደሚገጥም በሒሳብ አሳየ። ቢርከላንድ በ1917 ቶኪዮ ውስጥ አረፈ፤ ብዙዎቹ ተመራማሪዎችም ከቻፕማን ጋር ቆሙ። በ1939 ስዊድናዊው ሃነስ አልቬን የቢርከላንድን ሐሳብ ቢያነሳም ሰሚ አላገኘም።

ታዲያ እውነቱ ከማን ጋር ነበር? መሬት ላይ ባሉ መለኪያዎች ብቻ ይህን መለየት አይቻልም። ኮርኒሱ ላይ ውሃ ሲሄድ ሰማችሁ እንበል። ውሃው ከውጭ በቧንቧ ገብቶ ይውጣ፣ ወይስ እዚያው ይዙር፣ ከታች ሆናችሁ አታውቁም። የአውሮራውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሽቅብና ቁልቁል የሚሄዱት ጅረቶች መሬት ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ በአብዛኛው ስለሚጣፋ የሁለቱም ሐሳብ ተመሳሳይ ንባብ ይሰጣል።

መፍትሔው ወደ ላይ መውጣት ነበር። በ1963 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሠራች አንዲት ሳተላይት በ1100 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ከአውሮራው በላይ ስታልፍ መግነጢሳዊ መስኩ ሲናወጥ መዘገበች። ውጤቱ በ1966 ሲታተም መጀመሪያ የማዕበል ምልክት ነው ተባለ። በ1967 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች "ይህማ ቢርከላንድ የተናገረው ጅረት ነው" የሚል ትርጉም ሰጡት። በ1973 ትራያድ የተባለችው ሳተላይት መረጃ ነገሩን አጸናው። ዛሬ እነዚህ ጅረቶች የሚጠሩት በቢርከላንድ ስም ነው።

ቢርከላንድም ግን ሁሉንም አላገኘም። ኤሌክትሮኖቹ ከፀሐይ በቀጥታ የሚመጡ መስሎት ነበር። አሁን እንደምናውቀው የፀሐይ ነፋስ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈ የምድርን መግነጢሳዊ ከለላ፣ ማግኔቶስፌርን፣ ይገፋል፤ በሌሊቱ በኩልም እንደ ረጅም ጅራት ይለጥጠዋል። ጅራቱ ውስጥ ጉልበት ይጠራቀማል። የተለጠጡት መስመሮች ተበጥሰው መልሰው ሲገናኙ ጉልበቱ ይለቀቅና ሚሊዮን አምፔር የሚደርስ ጅረት ይነዳል። ጅረቱ ሽቅብ በሚፈስበት ቦታ ኤሌክትሮኖች ቁልቁል መውረድ አለባቸው። ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ግን ጅረቱን የሚሸከሙ ኤሌክትሮኖች ያጥራሉ። ስለዚህ በሺዎች የሚቆጠር ቮልቴጅ ይፈጠርና ያሉትን በኃይል ያስወነጭፋቸዋል። እነሱም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ካለው ኦክስጅን ጋር ሲጋጩ አረንጓዴው ቅስት ይበራል። አልቬን በ1942 የተነበያቸው ማዕበሎችም ኤሌክትሮኖችን እንደሚያፈጥኑ በ2021 በቤተ ሙከራ ታይቷል።

ቻፕማን ሰነፍ አልነበረም፤ ሒሳቡም አልተሳሳተም። በእጁ የነበረው መረጃ ግን ጥያቄውን ሊመልስ የሚችል ዓይነት አልነበረም። "መረጃው ሐሳቤን ይደግፋል" የሚል ስትሰሙ፣ "ተቃራኒውንስ አይደግፍም ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።