ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ

በ1895 ዓ.ም. ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ የምድር ባቡር ኩባንያው የቀየሰው ከዚራ፣ በቀጥተኛ ጎዳናዎቹና በዛፎቹ ጥላ ይታወቃል። ይኸው ጥላ ለእግረኛ ዕረፍት ሲሆን፣ ወፍን ፎቶግራፍ ለሚያነሣ ግን ፈተና ነው።

በ1891 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ቶማስ ዳልማየር፣ ከብርሃን ሰብሳቢው መስተዋት ኋላ በታኝ መስተዋት አኑሮ የረጅም ሌንስን ቁመት አሳጠረ። በ1959 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ኒኮን ከ85 እስከ 250 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዙም ሌንስ አቀረበ። ሌንስ የመቀያየር ድካም ቀለለ፤ ሆኖም ርዝመቱ ሲጨምር የብርሃን መግቢያው ቁጥር ከ4 ወደ 4.5 ያልፍ፣ ብርሃኑም ይቀንስ ነበር።

ስሌቱ ዛሬም ያው ነው። በ10 ሜትር ርቀት ያለች 10 ሳንቲ ሜትር ወፍ በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ 2፣ በ400 ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ሆና ትቀረጻለች። በሌላ በኩል መግቢያው 2.8 የሆነ ሌንስ 5.6 ከሆነው 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ የካሜራው መዝጊያም በዚያው መጠን ሊፈጥን ይችላል። ክብደቱና ዋጋው ግን ይከብዳል።

እንግዲህ ገዢው ቁጥሩን ከቦታው ጋር ያመዛዝን፤ በገላጣ ሜዳ ላለ አውሬ ርዝመት፣ በከዚራ ጥላ ሥር ለምትበር ወፍ ግን ብርሃን ይቅደም።